ማትሪክ የሚሉት ቃልና በቤታቸው የተማሩ ልጆች

ማትሪክ የሚለውን ቃል ስትሰሙ ልባችሁ ድንግጥ የማይል ከሆነ ወይ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናችሁ፣ ወይ ደግሞ ተፈትናችሁ ወጥቶላችኋል። ቃሉ ከእንግሊዝኛው ማትሪኩሌሽን ተቆርጦ የቀረ ነው። ማትሪኩሌሽን ደግሞ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ስምን በመዝገብ ማስፈር ነው። መጀመሪያ ላይ ከፈተና ጋር ግንኙነት አልነበረውም። አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስሙ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍበት ሥርዓት ስም ነበር።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስማቸው በዚያ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ስለተከለከሉ ሰዎች ነው። በተለይም በአሜሪካ አገር እናትና አባታቸው በቤት አስተምረዋቸው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሳይዙ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስለቆሙ ልጆች። እዚያ ሆምስኩል ይሉታል። የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ1999 ወደ 850,000 የሚጠጉ ልጆች በቤታቸው ይማሩ እንደነበር ገምቷል፤ በ2016 ቁጥሩ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ፣ ሁሉም ባይሆኑም፣ እንደ እኛው የወንጌላውያን አማኞች ልጆች ናቸው። ከአንባቢዎቻችን መካከልም በውጭ አገር የምትኖሩና ጎረቤታችሁ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛችሁ እንዲህ ሲማር ያያችሁ አትጠፉም።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች ዲፕሎማ የሚሰጣቸው ማን ነው? እናታቸው? የጢሞቴዎስ እናትና አያት ልጃቸውን በሚገባ አስተምረዋል፤ ነገር ግን እናት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጽፋ የፈረመችበትን ወረቀት የትኛው ሬጅስትራር ይቀበላል? መልሱን ለማግኘት አሜሪካ ከመድረሳችን በፊት በእንግሊዝ በኩል ማለፍ አለብን። ጥያቄውን መጀመሪያ ተነሥቶ የምናገኘው እዚያ ነው፤ ያነሡትም ስለ እምነታቸው የተገፉ ክርስቲያኖች ናቸው።

በ1662 የእንግሊዝ ፓርላማ አምልኮን ሁሉ አንድ ወጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ አገልጋይ በመንግሥታዊቱ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ላለው ሁሉ መስማማቱን በአደባባይ እንዲናገር ይጠይቅ ነበር። ኅሊናችን አይፈቅድልንም ያሉ፣ ከዚያ ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት የተነሡትን ጨምሮ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ አገልጋዮች ከቦታቸው ለቀቁ። እነዚህንና ተከታዮቻቸውን እንግሊዞች ዲሴንተር ይሏቸዋል፤ አንስማማም ባዮች እንደ ማለት ነው።

ለልጆቻቸውስ ምን ቀረላቸው? በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ማለት ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ብቻ ነበሩ። ኦክስፎርድ ለመግባት፣ ማለትም ስምን በዚያ መዝገብ ለማስፈር፣ ተማሪው የመንግሥታዊቱን ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዘጠኝ የእምነት አንቀጾች ተቀብሎ መፈረም ነበረበት። ካምብሪጅ ሲገቡ አያስፈርምም፤ ፊርማውን የሚጠይቀው ዲግሪ ሲሰጥ ነው። ልጁን ዓመታት አስተምሮ በመጨረሻው ቀን ባዶ እጁን መሸኘት ከኦክስፎርዱ ይሻላል ወይስ ይብሳል? እናንተ ፍረዱ።

ከተነሡት አገልጋዮች አንዱ ሪቻርድ ፍራንክላንድ ይባላል። በ1670 በዮርክሻየር ራትሜል በተባለች መንደር በገዛ ቤቱ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። አሳዳጆቹ በየጊዜው ስለሚደርሱበት ትምህርት ቤቱን ይዞ ከቦታ ቦታ ተዘዋወረ። ቢሆንም በ1698 እስኪሞት ድረስ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችን አስተማረ። ተመሳሳይ ቤቶች በየአውራጃው ተከፈቱ። አካዳሚ ተባሉ እንጂ ብዙዎቹ የአንድ መጋቢ መኖሪያ ቤት ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ከአስተማሪው ጋር በአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ። መዝሙሮቹን ዛሬም ተተርጉመው የምንዘምርለት አይዛክ ዋትስ የዩኒቨርሲቲውን ወጪ እኔ እችልልሃለሁ የሚል ሰው አግኝቶ ነበር። ፊርማውን እያሰበ እምቢ አለና ከእነዚህ አካዳሚዎች በአንዱ ተማረ። ሮቢንሰን ክሩሶን የጻፈው ዳንኤል ዴፎም ቻርለስ ሞርተን ከሚባል መጋቢ ዘንድ የተማረ ነው። ሞርተን በእንግሊዝ ማስተማሩ ክስና መከራ ስላመጣበት በ1686 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኋላም የሃርቫርድ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህችን ሃርቫርድ የምትባል ስም ያዙልኝ፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ትምህርቱ ደካማ አልነበረም። ፊሊፕ ዶድሪጅ በኖርዛምፕተን በከፈተው አካዳሚ በላቲን ፈንታ ሕዝቡ በሚናገረው በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ በዘመኑ ይህ ድፍረት ነው። ለእነዚህ ቤቶች የጎደላቸው ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ነበር። ያወቀ ሰው ነበራቸው፣ ማወቁን የሚመሰክርለት ማኅተም ግን አልነበራቸውም። ይህ ሁኔታ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ቆየ። እኛ አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍነው እንጂ የአምስትና የስድስት ትውልድ ዕድሜ ነው።

በ1826 ዲሴንተሮችና ሌሎች ተባብረው በለንደን ስለ እምነት የማይጠይቅ ኮሌጅ አቋቋሙ። በ1836 የለንደን ዩኒቨርሲቲ በንጉሥ ቻርተር ተመሠረተ። ይህ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አልነበረውም፤ ሥራው መፈተንና ዲግሪ መስጠት ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሚፈትነው በታወቁ ኮሌጆች የተማሩትን ነበር። በ1858 አዲስ ቻርተር ሲወጣ ግን ከሕክምና በቀር ለሌሎቹ ዲግሪዎች የኮሌጅ ምስክር ወረቀት መጠየቁ ቀረ። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ፣ ክፍያውን የከፈለ፣ ቀጥሎ ያሉትንም ፈተናዎች ያለፈ ሁሉ በቤቱ ይማር፣ በማታ ይማር፣ ብቻውን ይማር፣ ዲግሪውን ያገኛል። የመግቢያ ፈተናው ስም ማን እንደሆነ ገምታችኋል፤ ማትሪኩሌሽን። በኦክስፎርድ የዲሴንተሮችን ልጆች ደጅ ያስቀረው ቃል በለንደን የሚገቡበት በር ስም ሆነ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለመጀመሪያ ዲግሪ ፊርማውን የተዉት በ1854 እና በ1856 ነው፤ የቀረውን ገደብ ከሞላ ጎደል ያነሣው ሕግ የወጣው በ1871 ነበር።

የለንደኑ በር ከተከፈተ በኋላ ማን ማን እንደገባበት ማየት ደስ ይላል። በ1865 ፈተናው ባሕር ተሻግሮ በሞሪሺየስ ደሴት ተሰጠ። በ1878 ሴቶች ለዲግሪ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ፤ ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 መሆኑን ልብ በሉ። ለንደን ሄዶ ሕግ ይማር የነበረ ሞሃንዳስ ጋንዲ የሚባል ሕንዳዊ ወጣት በ1890 መጀመሪያ ለዚሁ ማትሪኩሌሽን ተቀመጠ፤ ላቲን ጣለው። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ደግሞ ተቀመጠና አለፈ። እንግዲህ ማትሪክ ደግመው የወሰዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ማን እንዳለ አያችሁ።

በዚህ በር ጥላ ስር እኛም ነበርን። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን ለዚሁ ለለንደን ፈተና ያዘጋጁ ነበር። በኋላ የራሳችን ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ የፈተናው ስም ብዙ ጊዜ ተለወጠ፣ ሕዝቡ ግን ማትሪክ ማለቱን አልተወም። የግል ተፈታኝ የምንለውም ሐሳብ ከ1858ቱ ውሳኔ ጋር ዘመድ ነው፤ ሰውዬው ዘንድሮ በየትኛው ክፍል እንደተቀመጠ ሳይጠየቅ የሚያውቀውን ይጻፍ ማለት ነውና።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ መንገዱ የተለየ ነው፤ አገር አቀፍ ማትሪክ የሚባል ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩት ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይዞ የሚመጣውን ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ነው። ይህ ልማድ እንዴት ሥር እንደሰደደ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ምክንያቱ የጡረታ ገንዘብ ነው። በብረት ንግድ የከበረው አንድሩ ካርኔጊ የኮሌጅ መምህራን ሲያረጁ እንዳይቸገሩ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ1906 መስፈርት አወጣ፤ መምህራኑ ጡረታ እንዲያገኙ የሚፈልግ ኮሌጅ ከአዲስ ተማሪ 14 ዩኒት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጠየቅ አለበት። አንድ ዩኒት ማለት በአንድ ትምህርት 120 ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። ኮሌጆቹ ጡረታውን ፈለጉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹም ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። በቤተ እምነቶች ሥር ያሉ ኮሌጆች ከዚህ ጡረታ ስለተከለከሉ አንዳንዶቹ ለመምህራኖቻቸው ሲሉ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራቸውን ትስስር ቆረጡ። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

በሰዓት ቆጠራው ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ቀዳዳ የተከፈተው በጦርነት ነው። በ1942 ትምህርታቸውን ጥለው የዘመቱ ወታደሮች ሲመለሱ ከታዳጊዎች ጋር ክፍል እንዳይቀመጡ ጂኢዲ የሚባለው ፈተና ተዘጋጀ። ያለፈ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር የሚተካከል ምስክር ያገኛል። በ1947 የኒውዮርክ ግዛት ለሲቪሎችም ከፈተው።

የዛሬው የሆምስኩል እንቅስቃሴ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ወንጌላውያን ብቻችንን የጀመርነው እንዳይመስላችሁ። በ1977 ለቤት አስተማሪ ወላጆች መጽሔት ማሳተም የጀመረው ጆን ሆልት ሃይማኖትን ምክንያት ያላደረገ መምህር ነበር፤ ትምህርት ቤት የልጆችን የማወቅ ጉጉት ይገድላል ብሎ ያምን ነበር። ሬይመንድና ዶሮቲ ሙር የተባሉት ባልና ሚስት ደግሞ አድቬንቲስት ነበሩ፤ ልጅ ያለ ዕድሜው ትምህርት ቤት አይላክ የሚለው መጽሐፋቸው በ1975 ወጣ። ወንጌላውያኑ በብዛት የገቡበት በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ ቀደም በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሚሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት እንዲልኩ እንዳይገደዱ ወስኖላቸው ነበር። በየግዛቱ ግን ክስ ያልቀረበባቸው ወላጆች ዕድለኞች ነበሩ። በ1983 ማይክል ፋሪስ የተባለ የሕግ ባለሙያና ባልደረባው ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚከራከር ማኅበር አቋቋሙ። እስከ 1993 ድረስ በሃምሳውም ግዛቶች ልጅን በቤት ማስተማር ሕጋዊ ሆነ።

ወላጆቹ ልጆቻቸውን የማስተማር መብት አገኙ ማለት ግን ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገቡ ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚያው በ1983 የሆነውን ልንገራችሁ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ቡንቪል አካባቢ ባለ ተራራማ ስፍራ ዴቪድና ሚኪ ኮልፋክስ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ፍየል እያረቡ፣ አራት ወንዶች ልጆች ያሳድጉ ነበር። ልጆቹን ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። የበኩሩ ስም ግራንት ነው። ግራንት አብዛኛውን የልጅነት ዘመኑን ከፍየሎቹ ጋር ያሳለፈ፣ ዲፕሎማ ያልያዘ ልጅ ሲሆን ሃርቫርድ ተቀበለው። የሞርተን ሃርቫርድ መሆኑ ነው። ነገሩ በአገሪቱ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ የታወቀው የቴሌቪዥን ሰው ጆኒ ካርሰን ሳይቀር ልጁን በዝግጅቱ ላይ አቀረበው። ብዙ ሰው አጋጣሚ ነው አለ። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙ ድሩ ተከተለው፤ ሪድም ገባ። ግራንት በኋላ ሐኪም ሆነ፤ በ2012 በዋይት ሐውስ የኤድስ ፖሊሲ ቢሮ ኃላፊ፣ በ2019 ደግሞ የሳንፍራንሲስኮ ከተማ ጤና ቢሮ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ይህን ታሪክ የሚወዱ ሆምስኩል ቤተሰቦች አንድ ነገር ሲዘሉ አያለሁ። የኮልፋክስ ልጆች አባት ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እናታቸውም አስተማሪ ነበረች። ፍየሎቹን ስናይ መጻሕፍቱን አንርሳ።

ለሌሎቹ ልጆች በሩ ይህን ያህል ሰፊ አልነበረም። ብዙ ኮሌጆች በቤት የተማረውን ልጅ መጀመሪያ ጂኢዲ ተፈተን ይሉት ነበር። ልጆቹና ወላጆቻቸው ይህን ይጠሉት ነበር፤ በሕዝቡ ዓይን ጂኢዲ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ምልክት ነውና። ከዚያ የሚብሰው የገንዘቡ ነገር ነው። የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ለማግኘት ዲፕሎማ ወይም በእርሱ ፈንታ የሚቆም ፈተና ይጠየቅ ነበር። ኮሌጁ ቢቀበለውም የመንግሥትን ድጋፍ ካላገኘ የድሃ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? በ1998 የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ሲሻሻል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በግዛቱ ሕግ መሠረት በቤቱ ያጠናቀቀ ተማሪ ያለ ጂኢዲ ድጋፉን ማግኘት እንደሚችል ተጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2000 ፋሪስ በቨርጂኒያ ግዛት በተለይ በቤት የተማሩ ልጆችን ያሰበ ፓትሪክ ሄንሪ የሚባል ክርስቲያናዊ ኮሌጅ ከፈተ። ስለ ኮሌጁ ብዙ ተጽፏል፤ በእኔ ሚዛን ግን በ1998 የተጻፉት ጥቂት መስመሮች ይበልጣሉ። ኮሌጁ የሚቀበለው ጥቂት መቶ ተማሪ ነው፤ ሕጉ የተጻፈው ለሁሉም ነው።

ታዲያ ዛሬ ሬጅስትራሩ የእናትየውን ወረቀት ይቀበላል? አዎን፣ ይቀበላል፤ ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። እናትየው ትራንስክሪፕቱን ትጽፋለች፤ በየዓመቱ ምን እንደተማረ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበበ፣ ምን ያህል እንዳመጣ። ከዚያ ሬጅስትራሩ ሌላ ምስክር ይፈልጋል፤ ኤስኤቲ የመሰለ ፈተና፣ ወይም ልጁ በቤት እየተማረ ጎን ለጎን በአቅራቢያው ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰደው አንድ ሁለት ኮርስ፣ ወይም ቤተሰቡ ያልሆነ ሰው የጻፈለት ደብዳቤ። ኤምአይቲን የመሰለ ተቋም እንኳ ከአመልካቾቹ ዲፕሎማ በግድ አይጠይቅም። የ1858ቱ ለንደንም ቢሆን የእናትን ቃል አላመነም ነበር፤ ልጁን አስቀምጦ ፈተነው እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ወገን አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር አለብኝ። ሁሉም ወላጅ ትራንስክሪፕት አልጻፈም። እግዚአብሔር ያውቅልናል፣ ዓለማዊ ወረቀት አያስፈልገንም ብለው አንዳች ማስረጃ ሳያኖሩ ልጆቻቸውን ለአሥራ ስምንት ዓመት ያደረሱ ነበሩ፤ ሒሳቡን ከክፍልፋይ ሳያሳልፉ የተዉም አልጠፉም። በተለይ ሴት ልጆቻቸውን፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግላታል ብለው። ካደጉ በኋላ ይህን በምሬት የተናገሩና የጻፉ ልጆች አሉ፤ ቅሬታቸውን የእምነት መድከም ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። ፍራንክላንድ የተሰደደው የሰው ልጆችን በቤቱ ስላስተማረ ነበር። የስደቱን ታሪክ እየተረኩ ትምህርቱን መተው የእርሱ ልጅ መባል አይሆንም።

ለእነዚህ ምንም ወረቀት ለሌላቸው በሌሎች አገሮች የተከፈተ መንገድም አለ። በ1969 ቻርተር አግኝቶ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመግቢያ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ትምህርቱን በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያደርስ ነበር። የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የገቡት መለስ ዜናዊ በ1995 በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ፖለቲካቸው ሌላ መጽሔት ይናገር። ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆነው የሕግ ትምህርት የጀመሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪነት ነበር፤ ዲግሪውን በ1989 ያገኙት ግን አዲስ አበባም ማዕከል ካለው ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ነው፤ ያን ጊዜም ገና እስረኛ ነበሩ። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆን የተከፈተውን ሪሜዲያል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በአሜሪካ ግን ምንም ያልያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ግራንት ኮልፋክስ ባደገበት በካሊፎርኒያ ሕጉ እንዲህ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውና ከትምህርቱ ሊጠቀም የሚችል ሰው ዲፕሎማ ባይኖረውም ይገባል። ሁለት ዓመት እዚያ ይማርና ውጤቱ ካማረ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የሚመረምረው በዋናነት የኮሌጁን ውጤት ነው፤ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የት እንዳሳለፈ ብዙ አይመረምርም። ያለ ወረቀት ያደገችው ልጅ ኮሌጁ ስትደርስ ቅጹ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጠይቃት ስሟን ነው።